መርዶ ማቆያ

ኮምቦልቻ ላይ የእማማ ሐዋን ቤት የሚያውቅ ሰው መግሪብ ሲደርስ በራቸውን አያንኳኳም። በዚያ ሰዓት እማማ ሐዋ ፊታቸውን ታጥበው፣ ንጹሕ ሻሽ አስረው ከመቅጃው ፊት ይቀመጣሉ። ልጃቸው ሙህዲን ይመጣል። አፋር በረሃ፣ ጨው ሜዳ ሥራ ከገባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ገና ከመታጠቢያ ቤት እንደወጣ ሰው ፀጉሩ ረጥቦ በመቅጃው መስኮት ብቅ ይላል። "እማየ፣ እንዴት ዋልሽ?" ይላል። እሱ ደህና ነው። ሥራው ደህና ነው። ሙቀቱም እንደሚወራው አይደለም። ታላቅ እኅቱን ዘምዘምን "እታለም" ብሎ ይጠራታል፣ ጥቂት ያስቃቸዋል፣ ከዚያ ደህና እደሩ ብሎ ይሄዳል። እማማ ሐዋ ሻሻቸውን ፈትተው፣ አጣጥፈው ለነገ ያስቀምጡታል።

መቅጃ የሌለው ቤት የለም፤ ከግድግዳም አይነቀልም። ዜናው፣ ድራማው፣ የዘመድ ሰላምታው ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል። ዓይንና ጆሮ አለው። መጀመሪያ ራሱ ያያል፣ ከዚያ ለሰው ያሳያል። በዲሽ ዘመን ያደጉ ሽማግሌዎች "ቀጥታ ስርጭት" የሚባል ነገር ነበር ሲሉ ልጆች ይስቁባቸዋል፤ ማንም አስቀድሞ ያላየው ነገር እንዴት ለሰው ይታያል እያሉ።

ዘምዘም ቀን ቀን መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ከሥራ መልስ ደግሞ የደቦ ሰው ናት። ደቦ የመቅጃውን የፋብሪካ ሶፍትዌር አውጥተው ራሳቸው በሠሩት የሚተኩ ሰዎች ስብስብ ነው። ደመወዝ የላቸውም፣ ቢሮ የላቸውም፤ አንዱ ደብረ ማርቆስ፣ ሌላው ጂንካ ተቀምጦ፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሳል። ደቦ ነው፣ ጠላ ግን የለውም እያሉ ይቀልዳሉ። ነገሩ የተጀመረው በንዴት ነበር። የፋብሪካው ሶፍትዌር ለሳሙና ማስታወቂያ ቦታ ሲያጣ የሰው የሠርግ ቅጂ ያጠፋ ነበር። እነሱ የሠሩትን በፍላሽ እየገለበጠ ለሰፈሩ የሚያድል ሰው አልታጣም፣ ጥቂት ዓመት ሳይሞላም ወሎ ውስጥ ደቦ ያልተጫነበት መቅጃ ማግኘት ጭንቅ ሆነ።

ከዚያ የጦይባ ነገር መጣ። ጦይባ የእማማ ሐዋ የግድግዳ ጎረቤት ነበረች። አንድ ቀን ሽንኩርት እያቁላላች ዜና ስትሰማ መቅጃው ገደል የገባ አውቶቡስ አሳየ። ሹፌሩ ባሏ ነበር። መቅጃው ስሙን ጠራ፣ ዕድሜውን ተናገረ፣ ወደ ስፖርት ዜና አለፈ። ጎረቤት የደረሰላት ሽንኩርቱ ከሰል ሆኖ ጭሱ በመስኮት ሲወጣ ነው። ከዚያ ወዲያ ጦይባ ቃል አልተነፈሰችም፣ ዓመትም አልቆየች።

ወሎ ላይ መርዶ ወግ አለው። ሰው በሩቅ አገር ሲሞት ለቤቱ ሰው አይነገርም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። መጀመሪያ የሚሰማው የቅሬው ዳኛ ነው፤ ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። ጎረቤት ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል። መርዶውን አደራ ይዞ፣ በሆዱ እያለቀሰ በአፉ እየሳቀ ሰላም ሲል ያመሻል። ጎህ ሲቀድ ሰብሰብ ብለው ይገባሉ። የመጀመሪያው ቃል የሟቹ ስም አይደለም፤ "እስቲ ቁጭ በሉ" ነው። ይህን ቃል ከማለዳ እንግዳ አፍ የሰማ ሰው የቀረውን ሳይነግሩት ያውቀዋል።

ዘምዘም በጦይባ ኀዘን እየተቃጠለች ይህን ወግ ለመቅጃው አስተማረችው። መርዶ ሲመጣ ለባለቤቱ አታሳይ፣ ለቅሬው ዳኛ ንገር፣ ከቤቱ ሰው ሌላ ሰባት ሰው እስኪሰበሰብ ድረስ እንደ ትናንቱ ቀጥል ብላ ጻፈች። ሲሰበሰቡም ቤቱ ከሁሉ አብልጦ በሚወደው ድምፅ እንዲናገር አደረገች፣ "እስቲ ቁጭ በሉ" ብሎ እንዲጀምር። አንዱ መቅጃ ቢበላሽ መርዶው እንዳይጠፋ ደግሞ በቅሬው ውስጥ ያለ መቅጃ ሁሉ የሁሉንም አደራ እንዲይዝ አደረገች፣ ጎረቤት እንደሚይዘው። ያን ቦታ ማቆያ አለችው። አላስችል ያለው ሰው እንዳይከፍተው ቆለፈችው፤ እሷ ራሷም እንዳትከፍተው አድርጋ ቆለፈችው። ደብረ ማርቆስ ያለው ዳምጠው፣ የሰው ሥራ ሳይነቅፍ ውሎ የማያውቀው ሰውዬ፣ ለዚህ ብቻ "ይሄስ ሥራ ነው" ብሎ ጻፈላት። የበኩሉንም ጨመረ፤ "እንደ ትናንቱ" የተባለው ለዜናና ለድራማ ብቻ ሳይሆን ለዘመድ ሰላምታም እንዲሆን፣ መቅጃው ራሱ በዘመዱ መልክና ድምፅ እንዲመልስ አደረገ። ለአንዲት ምሽት ነው፣ የቤቱ ሰው ዘመዱ ቢቀርበት እንዳይጠረጥር።

ማቆያው ስንት ቀን እንደሚያቆይ ግን ማናቸውም አልጻፉም። መርዶ ቢቆይ ቢቆይ እስኪነጋ ነው፤ ይህን ማን ይጽፈዋል?

ደቦ ሲወደድ ፋብሪካው ራሱ ወሰደው። ምስጋና ልኮላቸው በአገሩ መቅጃ ሁሉ ላይ ጫነው። ሲጭን አንዲት ነገር ብቻ ቀነሰ። የቅሬ ዳኛ የሚባል ሹመት በሌላው አገር ስለማይታወቅ፣ ለዳኛው የሚነግረው ክፍል ትርፍ ነው ተብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በሽታ ገባ፤ በአንድ ቤት ከአምስት ሰው በላይ እንዳይሰበሰብ ደንብ ወጣ። በሽታው ሄደ፣ ደንቡ ቀረ፣ ለቅሶም በመቅጃ መድረስ ተለመደ። ማንም አልዋሸም። ሁሉም ከወጉ ትንሽ ትንሽ ቆረሰ እንጂ።

ሰኔ ላይ አንዲት የሐይቅ ሴት ለደቦዎቹ አቤት አለች። መቅጃችን ሞላ፣ ምንም ሳንቀዳ ቦታ የለኝም ይላል፣ የልጄን ምርቃት የት ላስቀምጥ? ዘምዘም የተለመደውን መለሰችላት፤ አሮጌ ድራማ አጥፊ አለቻት። በማግሥቱ ከወልዲያ፣ ቀጥሎ ከደሴ፣ ቀጥሎ ከዚያው ከኮምቦልቻ ተመሳሳይ አቤቱታ መጣ። ዘምዘም የራሷን ቤት መቅጃ አየች። እሱም ሞልቷል። ድራማ አይደለም የሞላው፣ ሠርግም አይደለም። ማቆያው ነው።

መጀመሪያ የራሷ ስህተት መሰላት፤ ተመኘችውም ማለት ይቻላል። እራት እየበሉ እናቷን እንደ ዋዛ ጠየቀቻቸው፣ ለመጨረሻ ጊዜ ለቅሶ የደረሱት መቼ እንደሆነ። እማማ ሐዋ የመድኃኒት ቤቱን ሰይድ፣ የወፍጮ ቤቱን ባለቤት፣ ሌሎችም ጠሩ፤ ሁሉም ቤታቸው፣ አልጋቸው ላይ የሞቱ ናቸው።

"ከሩቅ የመጣ መርዶስ?"

እማማ ሐዋ ጉርሻቸውን አላምጠው ዋጡ። "እሱ ድሮ ነው" አሉ።

እውነት ነበር። ሰፈሩ በዚህ ይቀልድም ነበር፤ ሞት ሩቅ አገር መሄድ ሰነፈ፣ መኪና አጣ ይሉ ነበር። ጨው ሜዳ፣ ዓረብ አገር፣ መርከብ ላይ ሰው ያልላከ ቤት የለም፤ በዚህ ሁሉ ዓመት አንዱም አልሞተም። ዘምዘም የቆረሰችውን እንጀራ መልሳ አስቀመጠችው።

በማግሥቱ ሙህዲን ሲመጣ በሌላ ዓይን አየችው። ሙቀቱ እንዴት ነው አለችው። በርዷል አላት፣ በሰኔ፣ ጨው ሜዳ ላይ። አለቃህስ አለችው፤ ደህና ሰው ነው አላት። ያ የታመመው ጥርስህስ? ደህና ነው። አንድ ክፉ ቃል ልታወጣው፣ ደከመኝ እንኳን እንዲል፣ ልጅ ሳለ እንደምታበሳጨው አበሳጨችው፤ የሰፈሩን ቅጽል ስሙን ጠራችበት። ድሮ ይህን ስም ሲሰማ ጫማ ይወረውር ነበር። ሙህዲን ሳቀ። "እታለም፣ አንቺ መቼም አትለወጪም" አለ፣ ፀጉሩ እንደረጠበ።

ለዳምጠው ጻፈችለት፤ ማቆያው መርዶ ነው የሞላው፣ ሰው እየሞተ ነው፣ ሳይነገር ቀርቷል። ዳምጠው "እናየዋለን፤ ትንሽ እንጠብቅ" ብሎ መለሰ። ይህ መልስ ከዓይኗ አልጠፋ አለ። ወደ ኋላ ሄዳ ዓምና የላከላትን አየች፤ እናየዋለን፣ ትንሽ እንጠብቅ ይላል። ካቻምናም እንዲሁ። ሥራዋን ከነቀፈ፣ ከሰደባት ስንት ጊዜው ነው? ትዳር ይዞ ለዝቦ ነው ብላ ነበር። ከዚያ ወዲያ ለማንም አልጻፈችም፤ በመቅጃው የሚመልስላት ማን ሕያው እንደሆነ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። በእግሯ ሄዳ በዓይኗ የምታየውን ሰው ብቻ ነው ማመን የምትችለው።

ስለዚህ ሰባት ሰው እንዲሰበስቡላት ወደ ቅሬው ዳኛ ወደ አባባ ይማም ቤት ሄደች። የቅሬው ጥሩንባ ከምሰሶው ላይ እንደተሰቀለ ሸረሪት ድር አድርቶበታል። አባባ ይማም ሁሉን አዳመጧትና መጀመሪያ የፈሩት ደንቡን ነው። ደንብ አስከባሪው ከድር የዚሁ ሰፈር ልጅ ነው፣ ሰባት ሰው ቤት ውስጥ ካየ ግን እናቱንም ቢሆን ይከሳል አሉ። ቀጥሎ የፈሩት የራሳቸውን ቤት ነው። ልጃቸው ራሕማ ቤሩት ናት፤ በየጁምዓው ታነጋግራቸዋለች። ባለፈው እንኳ ሐብሐብ ገዝታ አሳየቻቸው።

"ሳላውቅ ብኖርስ?" አሉ።

ዘምዘም ራሷ ብትጠየቅ ያንኑ ነበር የምትለው። ሽማግሌው ግን ነገሩን ከሌላ በኩል አነሡት። እነዚህ ሰዎች ሞተው ከሆነ ሶላት አልተሰገደላቸውም፣ ሰደቃ አልወጣላቸውም፣ አንድ ሰው እንባ አላፈሰሰላቸውም፤ ዝም አይነቅዝም ሲባል የኖርነው ውሸት ነው፣ ይሄው ነቅዟል አሉ። ጎህ ሲቀድ አንድ በአንድ፣ በተለያየ መንገድ እንመጣለን ብለው ላኳት።

የቀረው ለእናቷ መንገር ነበር። ዘምዘም ነገ ጠዋት ሰው ይመጣል ብቻ አለቻቸው። እማማ ሐዋ የሚያጣጥፉትን ሻሽ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

"ስንት ሰው?"

"ሰባት፣ እማየ።"

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልጮኹም። "ሙህዲን ከልጅነቱ ከበር ሳይገባ ራበኝ ይል ነበር" አሉ፣ "ጠግቦ ወጥቶ እንኳን ራበኝ እያለ ነው የሚገባው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ራበኝ አላለኝም።"

"ካወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?"

"አንቺ እንዳትሰሚው ነዋ" አሉ እማማ ሐዋ፣ "ሰው እስኪሰበሰብ።"

ያን ምሽት እናትና ልጅ ሙህዲንን እንደ ወትሮው ተቀበሉት። እንዴት ዋልሽ አላቸው፤ አልሐምዱሊላህ አሉት። ዘምዘም ከእናቷ ኋላ ተቀምጣ የሻሻቸውን ቋጠሮ ስታይ ቆየች፣ ወደ መስኮቱ ቀና ማለት አልቻለችም።

ጎህ ሲቀድ መጡ። አባባ ይማም ቀድመው ገቡ፤ ቀሪዎቹ አንዱ ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ፣ አንዷ ውኃ ልትቀዳ እንደሄደች እየመሰሉ ገቡ። ሸጋው የሚባለው ጥሩንባ ነፊ እንደ ድሮው ልማድ ጥሩንባውን ከጋቢው ሥር ይዞ ውጭ ቀረ። ውስጥ ያሉት ግድግዳ ታክከው ቆሙ። ስድስተኛው ሲገባ ምንም አልሆነም። ሰባተኛዋ የሟቹ የወፍጮ ቤት ባለቤት ሚስት ነበረች፤ ጫማዋን አውልቃ የበሩን ደፍ ስታልፍ መቅጃው ማንም ሳይነካው በራ።

ሙህዲን ነበር። በጠዋት አይተውት አያውቁም። ፀጉሩ ደረቅ ነበር።

"እስቲ ቁጭ በሉ" አለ።

እግራቸው ታዘዘ። ዘምዘም ይህን ድምፅ የመረጠችው እሷ እንደሆነች በዚያች ቅጽበት ትዝ አላት፤ ቤቱ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ድምፅ ይናገር ያለችው እሷ ናት። ሙህዲን እማየ አለ፣ እታለም አለ፣ ረጋ ብሎ፣ እንደ ደህና ሽማግሌ ዙሪያውን ጀምሮ። ሰው ሁሉ የአላህ እንደሆነ፣ የማይቀር ነገር እንደሆነ አስታወሳቸው። ከዚያ ልጅሽ ሙህዲን ጨው ሜዳው የተደረመሰ ዕለት አረፈ አላቸው። ሥራ በገባ በአርባ ቀኑ ነበር።

እማማ ሐዋ ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። "ርቦህ ነበር?" አሉት።

"አዎ፣ እማየ" አለ። "ርቦኝ ነበር።"

ያኔ ጮኹ። የሦስት ዓመት ጩኸት ነበር፤ ዘምዘም አብራ ጮኸች፣ እናቷን አቅፋ ወለሉ ላይ ወደቀች። ይህን የሰማ ሸጋው ማንም ሳያዝዘው ጥሩንባውን ነፋ። ሳይነፋ የኖረበትን ዓመት ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ያወጣው ይመስል ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ ሰማው።

አባባ ይማም እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው፣ እንደ ዳኛ የሚናገሩትን ሊናገሩ ከተቀመጡበት ተነሡ። የሙህዲን ዓይን ከእማማ ሐዋ ላይ ተነሥቶ ወደ እሳቸው ዞረ።

"አባባ ይማም፣ እርስዎ አይነሡ" አለ በዚያው ረጋ ባለ ድምፅ። "እስቲ ቁጭ ይበሉ። የራሕማ ነገር ነው።"

ሽማግሌው ቆመው ቀሩ። ሙህዲን እስኪቀመጡ ጠበቃቸው። ከእሳቸው ቀጥሎ የወፍጮ ቤቱን ባለቤት ሚስት በስሟ ጠራት፣ የመጀመሪያ ልጇን ነገር ሊነግራት። ከእሷ ቀጥሎ ሌላውን። ማቆያው ተከፍቷል፤ የሁሉም አደራ እዚያ ነበር፣ ዘምዘም እንዳስቀመጠችው። ወደ እሷም መጣ። "እታለም፣ አንቺም ተቀመጪ፤ የደብረ ማርቆሱ ወዳጅሽ ነገር ነው" አላት። የቀረውን አልሰማችም፤ ከውጭ የሚመጣውን የእግር ኮቴ ሰምታ ነበር።

ሰፈሩ እየመጣ ነው። ጥሩንባ የሰማ ሰው ለምን ተነፋ ብሎ አይጠይቅም፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። ደንቡን ረስተውታል። ዘምዘም እየተደናቀፈች ወደ በሩ ሮጠች፣ ሁለት እጇን ዘርግታ ደፉ ላይ ቆመች። አትግቡ አለቻቸው። በአላህ ተመለሱ፣ ቤታችሁ ሂዱ፣ እዚህ ምንም የለም አለቻቸው። ኀዘንተኛ እንዲህ ማለቱ ያለ ነው፤ ኀዘን ያናግራል። ለቀስተኛ ደግሞ አይመለስም። "አብሽሪ እኅቴ፣ አብሽሪ" እያሉ ግንባሯን ሳሟት፣ እጇን ቀስ አድርገው ከበሩ መቃን አላቀቁት፣ ደግፈው አሳለፏትና ገቡ። እያንዳንዱ ደፉን ሲያልፍ ከውስጥ ስሙ ይጠራል። ለሰው ሊያለቅስ የገባው ሁሉ ለራሱ ይቀመጣል። ልቅሶው ከአንድ ድምፅ ሁለት፣ ከሁለት አምስት ሲሆን ትሰማ ነበር፤ በኋላ መቁጠር አልተቻላትም።

ከመንገዱ ጫፍ ደንብ አስከባሪው ከድር ፊሽካውን እየነፋ ሲመጣ አየችው። ሰውን በትከሻው እየገፋ፣ ይበተን፣ ይበተን እያለ ይመጣል። ዘምዘም በሕይወቷ ሰው አይታ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ሮጣ ክንዱን ያዘችው። ዝጋው አለችው፣ በሩን ዝጋልኝ፣ ሰዉን ሁሉ መልስልኝ፣ እሰረኝ። ከድር ግራ ተጋባ፣ እሷን ወደ ጎን አድርጎ በሩ ላይ ቆመና ስንት ሰው ነው ውስጥ ያለው ብሎ ጮኸ።

ልቅሶው መሐል የሙህዲን ድምፅ መለሰለት።

"ከድር፣ አንተም መጣህ?" አለ። "ግባ። እስቲ ቁጭ በል።"

የከድር ፊሽካ ከአፉ ወደቀ። ወደ ዘምዘም ዞሮ አያት፤ መርከብ ላይ ያለ ወንድም እንዳለው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ኮፍያውን አወለቀ፣ ጫማውንም አወለቀ፣ በሩን ክፍት ትቶት ገባ።